ናቹራል ወይስ ሶሻል? ከከተማው ዳር ላሉ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ዝርዝር የምርጫ መመሪያ

የአሥረኛ ክፍል ካርድ ክረምቱ መግቢያ ላይ እጅ ይገባል፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ምዝገባ ደግሞ ክረምቱ ሳይወጣ ይመጣል። በእነዚህ ሳምንታት በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶ፣ በጀሞ ያሉ ቤቶች ውስጥ አንድ ጥያቄ ይዞራል፤ «ናቹራል ነው ሶሻል የምትገባው?» መልሱን የሚሰጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ካርዱን ያላየ ሰው ነው። የአክስት ልጅ፣ የሠፈር ጓደኛ፣ ወይም «ጎበዝ ልጅ ሶሻል አይገባም» የሚል አጎት።

እስከ 2011 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር። ማን ወደ መሰናዶ እንደሚያልፍ፣ ማን ወደ ቴክኒክና ሙያ እንደሚሄድ የሚለየው እሱ ነበር። ፈተናው ከቀረ ወዲህ ነገሩ በተማሪው ፍላጎት፣ በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል ውጤት፣ እንዲሁም ትምህርት ቤቱ ባለው ቦታ የሚወሰን ሆኗል። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ አሠራር ቢኖረውም ተማሪው ራሱ ሊሠራው የሚገባው የቤት ሥራ የትም አንድ ነው። ከዚህ በታች ያለው እሱ ነው። እስክሪብቶና አንድ ልሙጥ ወረቀት አዘጋጁ።

መጀመሪያ፦ የምትመርጡት ነገር ምን እንደሆነ እወቁ

ሁለቱ ዘርፎች ሰው እንደሚያወራው አይራራቁም። በቅርብ ዓመታት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ የሚቀመጠው ለስድስት ፈተና ነው፤ እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ ከ600። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ (የማሰብ ችሎታ መለኪያው) በሁለቱም ዘርፍ አሉ። ናቹራል የገባ በእነዚህ ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን ይጨምራል፤ ሶሻል የገባ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስን። የሒሳብ ፈተናው ለየዘርፉ ተለይቶ ቢዘጋጅም ሒሳብነቱ አይቀርም።

እንግዲህ ከ600ው 300ው የትም ብትገቡ ይከተላችኋል ማለት ነው። «ሒሳብ ስለማልወድ ሶሻል ልግባ» ያለ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ተከታታይ ቁጥሮችን፣ የካልኩለስ መግቢያንና ስታቲስቲክስን እዚያው ያገኛቸዋል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባም የመጀመሪያ ዓመት ላይ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የተዘጋጀ የሒሳብ ኮርስ ይጠብቀዋል። ከሒሳብ የሚያስመልጥ ዘርፍ የለም። የምትመርጡት በትክክል ቢነገር ሦስት ትምህርት ነው፤ ሦስቱን ከሦስቱ ጋር ማወዳደር ደግሞ በወረቀት የሚሠራ ሥራ ነው።

«ሶሻል ቀላል ነው» የሚለውንም እዚሁ እንጨርሰው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት የመጀመሪያ ዙር፣ ማለትም የ2014 ተፈታኞች በ2015 ጥቅምት በወሰዱት ፈተና፣ ከናቹራል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 6.8 በመቶ ሲሆኑ ከሶሻል ግን 1.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ ተነሥቶ ናቹራል ይቀላል ማለት አይቻልም፤ በየትምህርት ቤቱ ደህና ውጤት ያላቸው ልጆች በብዛት ወደ ናቹራል ስለሚጎርፉ ንጽጽሩ እኩል አይደለም። ለማረፍ ብሎ ሶሻል የገባ ግን እንዳላረፈ ቁጥሩ ይናገራል። ታሪክና ጂኦግራፊ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ንባብ ናቸው። እንግሊዝኛ የሚከብደው ልጅ ሶሻል ውስጥ የሚታገለው በአንድ ትምህርት ላይ ብቻ እንዳይመስለው፤ በአራት ላይ ነው።

1ኛ ደረጃ፦ ካርዱን ፈታቱት

ከሁሉም ረጅም ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፤ አትቸኩሉ።

የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ካርዶቻችሁን አውጡ። አማካይና ደረጃ የሚለውን ረድፍ ለጊዜው እርሱት። አማካዩ ውስጥ ስፖርቱም፣ አማርኛውም፣ ዜግነቱም ስላለ ለዚህ ውሳኔ አይረዳችሁም። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉና በአንድ በኩል የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ፣ በሌላው የጂኦግራፊ፣ የታሪክና የኢኮኖሚክስ ውጤታችሁን በየሴሚስተሩ ጻፉ። ከታች የእንግሊዝኛና የሒሳብ ይጻፍ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደምሮ ይጨርሳል። ካርድ ላይ ያለው ቁጥር ግን ድብልቅ ነው። ውስጡ ተከታታይ ምዘናው፣ የግሩፕ ሥራው፣ የደብተሩ ማርክ፣ ፋይናሉም አለ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ፈተና አዳራሽ ውስጥ ግሩፕ የለም፣ ደብተር አይታረምም። ስለዚህ የፋይናሉን ማርክ ለብቻው ማግኘት አለባችሁ። የፋይናል ወረቀታችሁን ካልጣላችሁ እሰየው። ከጣላችሁ የትምህርቱን መምህር ፈልጋችሁ «ቲቸር፣ የፋይናል ማርኬን ከማርክ ሊስቱ ላይ ያዩልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። መምህራን ለእረፍት ከመበተናቸው በፊት ከሄዳችሁ አብዛኞቹ አይከለክሉም። ነሐሴ ላይ ከሄዳችሁ የምታገኙት ጥበቃውን ነው።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንሥራ። አሥረኛ ክፍልን የጨረሰች ተማሪ አለች እንበል። ካርዷ ላይ ፊዚክስ 61፣ ኬሚስትሪ 70፣ ባዮሎጂ 84 ይላል፤ ድምሩ 215። በሌላው በኩል ጂኦግራፊ 78፣ ታሪክ 74፣ ኢኮኖሚክስ 72፤ ድምሩ 224። ካርዱ «ሶሻል ግቢ» ያላት ይመስላል። ከአምሳ የታረመውን ፋይናል ለብቻው ስታወጣ ግን ፊዚክስ 24፣ ኬሚስትሪ 29፣ ባዮሎጂ 41 ሆኖ 94 ይመጣል፤ ጂኦግራፊ 31፣ ታሪክ 27፣ ኢኮኖሚክስ 28 ሆኖ 86። ነገሩ ተገለበጠ። የሶሻሉን ውጤት ወደ ላይ የሳበው ደብተርና ግሩፕ ነበር። ለብቻዋ ወረቀት ፊት ስትቀመጥ ናቹራል በጥቂቱም ቢሆን ይቀድማል።

ቁጥሩ ከወጣ በኋላም ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ መምህር በማርክ እጁ ይፈታል፣ ሌላው ያጠብቃል። በሚያጠብቀው መምህር እጅ የመጣ 60 ከሴክሽኑ አንደኛ ሊሆን ይችላል፤ በለጋሱ እጅ የመጣ 80 ደግሞ ከመካከለኞቹ ተርታ። ስለዚህ በየትምህርቱ ከክፍል ጓደኞቻችሁ አንጻር የት እንደሆናችሁ ጎን ላይ ማስታወሻ ያዙ፤ ትክክለኛ ደረጃ ባታገኙም «ከላይ»፣ «መሃል»፣ «ከታች» የሚል በቂ ነው። በሁለቱ ድምሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ150ው ከአሥር ካነሰ እንደ እኩል ቁጠሩትና ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ። ሃያና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ውሳኔው ግማሽ በግማሽ ተፈጽሟል።

2ኛ ደረጃ፦ ራሳችሁን ፈትኑ

እስከ 2011 ይሰጥ የነበረው የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወረቀቶች ዛሬም በየፎቶ ኮፒ ቤቱና በቴሌግራም ይዞራሉ። ለዚህ ሥራ ከእነሱ የተሻለ ነገር አላውቅም። ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተቀየረ ያልተማራችሁት ርዕስ ቢያጋጥማችሁ ጥያቄውን ሰርዙና ከተቀረው ላይ በመቶኛ አስሉ። የኢኮኖሚክስ ግን በዚያ ፈተና ውስጥ ስላልነበረ ከመማሪያ መጽሐፋችሁ የምዕራፍ ማጠቃለያ ጥያቄዎች ላይ ሠላሳ ያህል መርጣችሁ ሥሩ።

ስልካችሁን ለእናታችሁ ስጡና ሰዓት ይዛችሁ ተቀመጡ። በአንድ ቀን ከሁለት ወረቀት በላይ አትሥሩ። ስትጨርሱ የምታዩት ያገኛችሁትን ብቻ አይደለም፤ የተሳሳታችሁበትንም ዓይነት ነው። ፊዚክስ ላይ የተሳሳታችሁት ቀመሩን ስላላወቃችሁ ነው ወይስ ጥያቄው ራሱ ስላልገባችሁ? የመጀመሪያው በክረምት ይስተካከላል። ሁለተኛው ጊዜ ይወስዳል፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

ቀጥሎ ከአሥራ አንደኛ ክፍል መጽሐፍ ሁለት ምዕራፍ አንብቡ። ከፊዚክሱ ስለ ቬክተር የሚያወራውን፣ ከኢኮኖሚክሱ ስለ ሸማች ባሕርይ የሚያወራውን። መጽሐፎቹ በፒዲኤፍ ስለሚገኙ ስልክ ላይ ይነበባሉ፤ ከተቻለ ግን አሥራ አንደኛን ከጨረሰ የሠፈር ልጅ ተዋሱ፣ በዚያውም ዳር ዳሩ ላይ የጻፈውን ታያላችሁ። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ማታ በቂ ነው። መጽሐፉን ዘግታችሁ ያነበባችሁትን ለታናሽ እህታችሁ በአማርኛ ማስረዳት የቻላችሁት የትኛውን ነው? ማስረዳት ካልቻላችሁ ያነበባችሁት እንግሊዝኛውን እንጂ ትምህርቱን አይደለም።

3ኛ ደረጃ፦ ከዘርፉ ማዶ ያለውን ተመልከቱ

ምሕንድስና፣ ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ፣ የኮምፒውተር ትምህርቶችና ግብርና በናቹራል በኩል ናቸው። ሕግ፣ ጋዜጠኝነት፣ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ ማኔጅመንትና የመሳሰሉት በሶሻል በኩል። አካውንቲንግን የሚያህሉ የንግድ ትምህርቶች በብዙ የግል ኮሌጅ ከናቹራል የመጣውንም ይቀበላሉ። ከሶሻል ወደ ምሕንድስና ወይም ወደ ሕክምና መሻገር ግን የለም። ስለዚህ «ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ» የምትል ልጅ ሶሻል ከገባች ሕልሟን እዚያው ዘግታዋለች። ይህን ሳያውቁ ከጓደኛ ላለመለየት ሲሉ ብቻ ሶሻል የተመዘገቡ ልጆች አሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ሲነገራቸው ፊታቸውን ማየት ያሳዝናል።

በዚህ ምክንያት «በሩ እንዲሰፋልህ ናቹራል ግባ» የሚለው ምክር የተለመደ ነው። ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ እንዲህ ነው፦ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት ግማሽና ከዚያ በላይ፣ ማለትም ከ600 ቢያንስ 300 ያስፈልጋል። በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት የ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ የ2015ቶቹ 3.2፣ የ2016ቶቹ 5.4፣ የ2017ቶቹ 8.4 በመቶ ናቸው። ከናቹራል ብዙ በር ይከፈታል፤ 300 ላላመጣ ልጅ ግን የበሩ ብዛት ምንም አይፈይደውም። ጥያቄው መጀመሪያ «300 የማልፈው በየትኞቹ ስድስት ፈተናዎች ነው?» መሆን አለበት፤ «ምን ልሁን?» ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው ልጆች የሚጎዱት።

የምሥራቅና የደቡብ ዳር ልጆች በየቀኑ በአጠገቡ ስለሚያልፉ ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ልባቸውን ይስበዋል። እሱ የሚቀበለው የናቹራል ተማሪ ነው፤ የራሱም የመግቢያ ፈተና አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። እነዚህን ሁለቱን ያሰበ ተማሪ 300 ማለፍ ብቻውን እንደማይበቃው ከወዲሁ ይወቅ።

ቴክኒክና ሙያም አለ፤ ምሥራቅ ፖሊ ቴክኒክ፣ ጄኔራል ዊንጌት ፖሊ ቴክኒክ። ስለ እሱ ቤት ውስጥ የሚወራው «ውጤት ካልመጣ» በሚል ቃና ስለሆነ ልጁ ቀና ብሎ አያስበውም። እጁ ለኤሌክትሪክ ወይም ለብረታ ብረት የሚቸኩል ልጅ ካለ ግን ወላጆቹ አንድ ቀን ይዘውት ሄደው ወርክሾፑን ያሳዩት።

4ኛ ደረጃ፦ ትምህርት ቤቱን መርምሩ

መሃል ከተማ ያለ ተማሪ ይህን ደረጃ ቢዘለው ብዙ አይጎዳም። ዳር ያለ ግን አይዝለል። እኛ ዘንድ ሠፈሩ ከትምህርት ቤቱ ቀድሞ ነው የሞላው። ኮንዶሚኒየሙ በአንድ ጊዜ ሰው ሲገባበት ትምህርት ቤቱ፣ መምህሩና መንገዱ ከኋላ ነው የሚከተሉት። ስለዚህ «ናቹራል ልግባ» ማለትና «በዚህ ትምህርት ቤት ናቹራል ልማር» ማለት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው።

ከመመዝገባችሁ በፊት አሥራ አንደኛ ክፍልን ዘንድሮ የጨረሱ ሁለት ልጆች፣ አንድ ከናቹራል አንድ ከሶሻል፣ ፈልጋችሁ አነጋግሩ። የምትጠይቋቸው ስለ ትምህርት ቤቱ ስም አይደለም። የፊዚክስ መምህር ዓመቱን ሙሉ ነበር ወይስ ኅዳር ላይ ለቆ እስከ ጥር ክፍለ ጊዜው ባዶ ሆነ? የኢኮኖሚክሱን የሚያስተምረው በኢኮኖሚክስ የተመረቀ ነው ወይስ ክፍተት እንዲሞላ የተላከ? ላብራቶሪው ተከፍቶ ታውቃላችሁ? ላብራቶሪ ያለው ትምህርት ቤት ብዙ ነው፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚታወቅበት ያን ያህል አይደለም። በአንድ ክፍል ስንት ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ? የምዕራፎቹን ምን ያህል ሸፈናችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። መጽሐፉ ግማሽ ላይ ከቆመ የቀረውን ለብቻችሁ ልትሸፍኑት ነው ማለት ነው፤ ለብቻ ለማንበብ ደግሞ ታሪክ ከፊዚክስ ይቀላል። ሁለቱ ዘርፎች በ1ኛ ደረጃ እኩል ከወጡላችሁና የትምህርት ቤታችሁ የፊዚክስ ወንበር በየዓመቱ ባዶ ከሆነ፣ እኔ ሶሻል እላለሁ።

ለዳይሬክተሩ ወይም ለዩኒት ሊደሩ የምታቀርቡት ጥያቄ ሌላ ነው። «ለሚቀጥለው ዓመት በየዘርፉ ስንት ሴክሽን ይከፈታል?» ይባላል። በአንዳንድ ትምህርት ቤት ለአንዱ ዘርፍ የሚመዘገበው ልጅ ካነሰ ሴክሽኑ ይታጠፍና ልጆቹ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይላካሉ ወይም ዘርፍ እንዲቀይሩ ይጠየቃሉ። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤትም ናቹራል ብቻ ነው የሚያስተምረው። መስከረም ላይ ከመስማት ሐምሌ ላይ መስማት ይሻላል።

የመንገዱን ሒሳብ ደግሞ በትክክል ሥሩት። የምትፈልጉት ዘርፍ በሠፈራችሁ ትምህርት ቤት ደህና ካልሆነና ራቅ ያለ ካሰባችሁ፣ በክረምት ቅዳሜ ሳይሆን በሥራ ቀን ጠዋት ወጥታችሁ ሂዱበት። እስከ ዋናው መንገድ ባጃጅ፣ ከዚያ ሃይገር ወይም አውቶቡስ፣ ከዚያ እግር። ሰልፉን ጨምሩ። ዝናብ በጣለ ቀን ጭቃውን ጨምሩ። ደርሶ መልሱን በብር አስሉና በወር በሃያ ሁለት ቀን አባዙት፤ ያንን ቁጥር ወላጅ ፊት ማስቀመጥ አለባችሁ። ቲቶሪያል ብዙ ጊዜ ከክፍል በኋላ ወይም ቅዳሜ ስለሚሆን የመመለሻ ትራንስፖርት በዚያ ሰዓት መኖሩንም አጣሩ። በተለይ ሴት ልጅ መሽቶባት ጨለማ መንገድ የምታቋርጥ ከሆነ ጥሩ የተባለው ትምህርት ቤት ለእሷ ጥሩ አይደለም። የሁለት ሰዓት መንገድ በየቀኑ የሚበላው ከጥናቱ ሰዓት ነው።

በወሰኑ አካባቢ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በገላን በኩል ላላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቤታችሁ በሸገር ከተማ ሥር ሆኖ ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ አስተዳደር ሥር ከሆነ፣ ወይም ተቃራኒው ከሆነ፣ ዝውውሩ በሁለት የተለያዩ የትምህርት ቢሮዎች መካከል ነው የሚሆነው። ሁለተኛ ደረጃ በሁለቱም በኩል በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ትምህርቱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ወረቀቱ ነው። መሸኛ፣ ትራንስክሪፕት፣ የነዋሪነት ማስረጃ የሚባሉት ፊርማና ማኅተም ፍለጋ ሲዞሩ ይከርማሉ። በሐምሌ መጀመሪያ ጀምሩት።

5ኛ ደረጃ፦ ቤት ውስጥ ንግግሩን አድርጉ

ወላጆች ናቹራልን የሚገፉት በክፋት አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ገቢው ሰባ በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን አቅዶ ሲመድብ ነበር። ታላቅ ወንድማችሁ በዚያ ዘመን ከገባ «ሶሻል ቦታ የለውም» የሚለው አባባል ከዚያ የቀረ ነው። ዛሬ የሚያጣላው ቦታው ሳይሆን ማለፊያ ነጥቡ ነው።

ባዶ እጅ አትግቡ። የ1ኛውን ደረጃ ወረቀት ይዛችሁ ግቡ። እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«ዶክተር ትሆናለች ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬ አሁን ሶሻል?»

«አባባ፣ እስቲ ይቺን ወረቀት ይዩልኝ። ይሄ ለብቻዬ የተፈተንኩት ነው። ፊዚክሷ ከአምሳ አሥራ ስምንት ናት።»

«ክረምቱን አጥንተሽ ታሻሽያለሻ።»

«እሺ፣ ልሞክር። እስከ ነሐሴ አሥራ አምስት ላጥናና የድሮውን ፈተና እርስዎ ሰዓት ይዘውልኝ ልሥራ። ግማሹን ካላለፍኩ ግን ሶሻል ልመዝገብ?»

«...እሺ። ሰዓቱን እኔ ነኝ የምይዘው ግን።»

የዚህ ንግግር ጥቅሙ ቀን ስላለው ነው። «አስባለሁ» የተባለ ነገር እስከ ምዝገባ ዋዜማ ይጎተትና በችኮላ ይወሰናል። አባት ሰዓት ይዞ አጠገብ ሲቀመጥ ደግሞ ልጁ እንዳልሰነፈ በዓይኑ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ይቀላል። አጎት ከሆነ የሚያስቸግረው፣ ቁጥሩን በአባት በኩል ይስማ።

ጓደኛን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሁለቱም ዘርፍ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ በረፍት ሰዓት ትገናኛላችሁ።

6ኛ ደረጃ፦ ፎርሙንና ሰነዱን

የሚጠየቁት ብዙውን ጊዜ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ካርድ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሰርተፍኬትና ጉርድ ፎቶግራፍ ናቸው፤ ከሌላ ትምህርት ቤት ለሚመጣ መሸኛና ትራንስክሪፕት ይጨመራል። ኮፒውን አስቀድማችሁ አንሡ። ምዝገባ ቀን በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሰልፉ ከምዝገባው ይረዝማል፣ መብራት ከሄደ ደግሞ ቀኑ አለቀ።

ስማችሁ በሰነዶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መጻፉን ፊደል በፊደል አመሳክሩ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ የአያት ስምም ጭምር። ፋይዳ ካወጣችሁ ከእሱም ጋር። አሁን ሪከርድ ክፍል በአንድ ቀን የሚስተካከል ስሕተት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ላይ ብዙ ያመላልሳል።

ፎርሙ ላይ አንደኛና ሁለተኛ ምርጫ ካለው ሁለቱንም ሙሉ። ሁለተኛውን ባዶ መተው አንደኛውን አያጠናክርም፤ ለሚመድበው ሰው ነፃነት ይሰጠዋል እንጂ። ከማስረከባችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። የሴክሽን ዝርዝሩ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ፤ «ስምህን አይቼዋለሁ» ያለ ጓደኛ ሞክሼህን ሊሆን ይችላል ያየው። ያልመረጣችሁት ዘርፍ ላይ ከተመደባችሁ የዚያኑ ቀን ከወላጅ ጋር ለዳይሬክተሩ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የፎርሙ ፎቶና የ1ኛው ደረጃ ወረቀት አባሪ ይሁኑ።

ስለ ሌሎቹ ትምህርቶች በአጭሩ

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ናቹራል ውስጥ ግብርና፣ በሁለቱም ዘርፍ ደግሞ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ አለ። መግቢያ ፈተና ላይ ስለሌሉ ተማሪ ይንቃቸዋል። አይቲውን ባትንቁት ይሻላል። ከ2016 ጀምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሰፍቷል። ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ጠቋሚውን በማሳያው ላይ ሲፈልግ ያጠፋዋል። ትምህርት ቤታችሁ ኮምፒውተር ከሌለው በሠፈራችሁ ካለ የኮምፒውተር ቤት ለጥቂት ሰዓት ከፍላችሁም ቢሆን እጃችሁን አለማምዱ። ከሙያ ዘርፎቹ ምን እንደሚሰጥ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ እዚያው ጠይቁ።

7ኛ ደረጃ፦ ከነሐሴ እስከ ኅዳር

ናቹራል ከወሰናችሁ የክረምቱን ቀሪ ጊዜ ለአሥረኛ ክፍል ሒሳብ ስጡት። አሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ላይ ልጆችን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ፊዚክሱ ሳይሆን ትሪጎኖሜትሪውና እኩልታው ነው። ሶሻል ከወሰናችሁ በየቀኑ አምስት ገጽ ከታሪክ ወይም ከጂኦግራፊ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አንብቡ፤ የማታውቁትን ቃል ሁሉ አትፈልጉ፣ በአንቀጹ ውስጥ ሦስት ጊዜ የተደጋገመውን ብቻ። አፕቲትዩድ ለሁለታችሁም ነው፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

ትምህርት ከተጀመረ በኋላ መጸጸት ሊመጣ ይችላል። ብዙ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለለውጥ ይታገሣሉ። የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ሪከርድ ክፍል ጠይቃችሁ ደብተር ላይ ጻፉት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ፊዚክስ ስለከበደ ብቻ አትቀይሩ፤ ያን ጊዜ ለሁሉም ይከብዳል። የመጀመሪያውን ቴስት በሦስቱም የዘርፍ ትምህርቶች ጠብቁ። በአንዱ ወድቃችሁ በሁለቱ ደህና ከሆናችሁ ቆዩና ለዚያ ለአንዱ አጋዥ ፈልጉ። በሦስቱም ከሴክሽኑ ታች ከሆናችሁና ቀኑ ካላለፈ ቀይሩ፤ ያመለጣችሁን የሌላውን ዘርፍ ደብተር በዚያው ሳምንት ከአንድ ልጅ ተዋሱና ገልብጡ። ኅዳር ካለፈ ግን ባላችሁበት ቆዩ። ሁለት ወር ያልተማራችሁትን ሦስት ትምህርት ከሚድ በፊት መድረስ አሁን ያላችሁበትን ከማሻሻል የበለጠ ይከብዳል።